የሌሊቱ መብላት የሚጀምረው ጠዋት ነው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ከታላቅ እህቴና ከልጆቿ ጋር ነው የምኖረው። ከስምንት ወር በፊት ዳይት ጀመርኩ። እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ አቆምኩ። ጠዋት ስኳር የሌለው ቡና ብቻ ጠጥቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ምሳ ሰላጣና ሁለት እንቁላል ነው። እራት ላይ እንደበላሁ አስመስላለሁ። መጀመሪያ 8 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ወጥ ቤት እገባለሁ። ቀዝቃዛ እንጀራ ከድስቱ ወጥ ጋር፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ የልጆቹን ብስኩት፣ ቆሜ፣ መብራት ሳላበራ እበላለሁ። የማቆመው ሆዴን ሲያመኝ ነው። ከዳይቱ በፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። አሁን የቀነስኩት ሁሉ ተመልሶ 3 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሆዳም ሆኛለሁ። ፈቃዴን የሚያጠነክር፣ ከዚህ ጠበቅ ያለ ዳይት ካለ ይንገሩኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ከአበላል ጋር የተያያዘ ችግር ካለባቸው ሰዎች ጋር ነው የምሠራው። «መብራት ሳላበራ» የሚለውን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ብቻሽን አይደለሽም።

የጠየቅሽኝን ጠበቅ ያለ ዳይት ግን አልሰጥሽም። ሌሊት ወጥ ቤት የሚያስገባሽ ዋናው ነገር ዳይቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ቡና ብቻ ጠጥቶ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ፈቃዱ ደካማ ነው አይባልም። ሌሊት የሚሆነው፣ የቀኑ ረሃብ ዕዳውን ሲያስከፍል ነው።

ይህን እንዲሁ በቃል እንድታምኚኝ አልፈልግም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጠራሁ አንድ ታሪክ ልንገርሽ።

በ1944 መጨረሻ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ተጀመረ። የመራው አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ ነው። በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ፈልጎ ነበር። 36 ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡ። በእምነታቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሳም ያሉ፣ ግን በሌላ መንገድ ማገልገል የፈለጉ ልጆች ናቸው። በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ ነው የተመረጡት።

መጀመሪያ ለሦስት ወር ያህል እንደ ወትሯቸው በሉ። ከዚያ ለ24 ሳምንት በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ ተሰጣቸው። ድንች፣ ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ የመሳሰለው። በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሄደ።

መክሳታቸው የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው በጭንቅላታቸው ውስጥ የሆነው ነው። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ሳህን ይልሳሉ። ትንሿን ድርሻቸውን በውሃ አቅጥነው፣ ቆራርሰው፣ አንዳንዶቹ ለሰዓታት ያቆዩዋት ነበር። ማስቲካና ቡና ልክ አጣ። ነጭናጫ ሆኑ፣ ተከዙ፣ ከሰው መራቅ ጀመሩ። አንዳንዶቹ መቋቋም አቅቷቸው ደብቀው በሉ። ከበሉ በኋላም በጸጸት ተሰቃዩ።

አንቺ አልጻፍሽልኝም እንጂ፣ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ ቲክቶክ ላይ ዶሮ ወጥና ኬክ ሲሠራ ታያለሽ? ዳይት ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ይህን ሲነግሩኝ ያፍራሉ። እኔ እነዚያን 36 ልጆች ነው የማስታውሰው።

ከሁሉ በላይ የሚመለከትሽ የታሪኩ መጨረሻ ነው። ገደቡ ተነስቶ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ከ5 ሺህ ካሎሪ በላይ በቀን የሚበሉ ነበሩ። ሆዳቸው ተወጥሮ፣ መተንፈስ እያቃታቸው፣ «አሁንም ርቦኛል» ይሉ ነበር። እስኪያስመልሳቸው የበሉም ነበሩ። ይህ በአንዳንዶቹ ላይ ለወራት ቀጠለ። በቂ ምግብ በየቀኑ ሲያገኙ ቆይተው ግን አብዛኞቹ ወደ ድሮ አበላላቸው ተመለሱ።

እነዚህን ልጆች ማንም ሆዳም አላላቸውም። 1,570 ካሎሪ መሆኑንም ልብ በዪ። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው የሴቶች ዳይት ብዙ ጊዜ 1,200 ይላል። እርግጥ እነሱ ወንዶችና ብዙ የሚራመዱ ስለነበሩ ቁጥሩ በቀጥታ አይወዳደርም። ግን ሁለት እንቁላል 150 ካሎሪ ገደማ ነው። ሰላጣው ላይ ዘይት ቢፈስበት እንኳ ያንቺ ቀን ከ500 ብዙም የሚያልፍ አይመስለኝም። እራት ደግሞ ማስመሰል ነው።

ሰውነታችን በፈቃድ የመጣን ረሃብ በድርቅ ከመጣው አይለይም። ምግብ ሲያንሰው ጨጓራ ውስጥ የሚመነጨው ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል። ከስብ የሚመነጨውና ለአንጎል «ስንቅ አለን» ብሎ የሚናገረው ሌፕቲን ይቀንሳል። በ2011 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ትንሽ ምግብ እየበሉ ክብደት ቀነሱ። ከዓመት በኋላ ሲለኩ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ረሃቡም እንዳለ ነበር። ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የምትታገዪው ከሰነፍ ባሕርይሽ ጋር አይደለም። በሕይወት ሊያቆይሽ ከሚጥር አካልሽ ጋር ነው።

ይህ የሆዱ ጉዳይ ነው። የሐሳቡም አለ።

በ1975 ኸርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች 45 ሴት ተማሪዎችን ለጣዕም ሙከራ ብለው ጠሩ። ለአንዳንዶቹ ምንም አልሰጡም። ለአንዳንዶቹ አንድ፣ ለቀሩት ሁለት ሚልክሼክ አጠጡ። ከዚያ አይስክሬም አቅርበው «ቅመሱ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» አሏቸው። በአበላላቸው ብዙ የማይጨነቁት፣ ሚልክሼክ ከጠጡ አይስክሬሙን ቀነስ አደረጉ። ጠግበዋላ! ራሳቸውን ገድበው የሚበሉት ግን ተቃራኒውን አደረጉ። ሚልክሼክ ሲጠጡ አይስክሬሙን ጭራሽ አብዝተው በሉ።

ለምን? ሕጉ ስለተሰበረ ነው። «አንዴ ተበላሽቷል፣ ዛሬ እንደልቤ ልብላ፣ ነገ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር የምታውቂው ይመስለኛል። ሕጉ የጠበቀውን ያህል ለመሰበር ቅርብ ነው። «እንጀራ ጨርሶ አልነካም» ያለች ሴት በአንዲት ጉርሻ ተሸናፊ ትሆናለች።

ቅበላን አስቢ። ነገ ሁዳዴ ይገባል ሲባል ሥጋ ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል። ያልራበውም ይበላል፤ ከነገ ወዲያ የለማ። «ሰኞ እጀምራለሁ» የምትል ሴትም እሁድ ማታ ቅበላ ላይ ናት። ሁዳዴ ግን በዓመት አንዴ ነው። የእሷ ሰኞ በየሳምንቱ ይመጣል።

ጾምን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጾምና ዳይት አንድ አይደሉም። ጾም ቀን አለው፣ ማብቂያ አለው፣ ከሰው ጋር ነው፣ ዓላማውም ወገብ ማቅጠን አይደለም። ከጾም ሰዓት በኋላ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ እንጀራውም ይበላል። ችግሩ የሚመጣው ዳይት የጾም ቀሚስ ለብሶ ሲገባ ነው። «ዘንድሮ ሁዳዴን አጥብቄ እጾማለሁ» እያልሽ ልብሽ ሚዛኑ ላይ ከሆነ ለራስሽ እውነቱን ተናገሪ። የጾም ወቅት ሆኖብሽ ከተጨነቅሽም ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አላት። ሙስሊም አንባቢዎቼም በረመዳን ጉዳይ ሐኪምና የሃይማኖት አዋቂ ቢያማክሩ እላለሁ።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ዳይት የጀመረ ሰው ሁሉ እንዲህ አይሆንም። አንዳንዱ ሰው ዳይት የሚባል ሳያውቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ከቁጥጥር ውጪ ይበላል። በዘር የሚወረስ ነገር አለው። ጭንቀት፣ ድብርት፣ በልጅነት በሰውነቱ መቀለድም ድርሻ አላቸው። በባለሙያ ክትትል ቀስ ብለው ክብደት የቀነሱና እንዲህ ያለ ችግር ያልገጠማቸውም አሉ። ያንቺ ቅደም ተከተል ግን ግልጽ ነው። ዳይቱ ቀደመ፣ የሌሊቱ መብላት ተከተለ።

ነገሩ በሕክምና ስም አለው፤ ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር ይባላል። አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1959 ጽፎበታል። ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ የሰፈረው ግን በ2013 ነው። ዋና ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፤ በአጭር ጊዜ ሌላው ሰው ከሚበላው በጣም የበዛ መብላት፣ እና «ማቆም አልቻልኩም» የሚል ስሜት። ፈጥኖ መብላት፣ ሳይርብ መብላት፣ እስኪያም መብላት፣ ከእፍረት የተነሳ ለብቻ መብላት፣ በኋላም ራስን መጥላት ይከተሉታል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር ከቆየ ሐኪም ያንን ስም ሊሰጠው ይችላል። እኔ በደብዳቤ ምርመራ አልሰጥም። ግን የጻፍሽው በግንባር መታየት ያለበት ነው።

እስከዚያው ምን ታደርጊያለሽ?

ቁርስ ብዪ። ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌሊት ያን ሁሉ በልተሽ ጠዋት ሆድሽ ተነፍቶ፣ በራስሽ ተናደሽ ስትነሺ፣ የመጨረሻው ነገር ቁርስ ነው። ምሳ ድረስ ባልበላ ይካካሳል ትያለሽ። ማካካስ የሚባለው ነገር ነው ዙሩን እንደገና የሚያስጀምረው። ከተነሳሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዪ። ከዚያ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሳትበዪ አትቆዪ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሃል መክሰስ፤ ከመተኛትሽ በፊትም ቀለል ያለ ነገር። ሲርብሽ ብቻ ብዪ አልልሽም፤ ለጊዜው የረሃብና የጥጋብ ስሜትሽ ተዛብቷል። ሰዓት አይተሽ ብዪ። ክሪስቶፈር ፌርበርን የተባለ የኦክስፎርድ የአእምሮ ሐኪም ባዳበረው ሕክምና ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ይኼው ነው። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ይሠራል።

ምን ልብላ ካልሽኝ፣ ቤት ያለውን። ፍርፍር፣ ገንፎ፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል በዳቦ። መክሰስ ሙዝ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ፣ በሶ፣ እርጎ። ውድ ነገር አያስፈልግሽም።

እንጀራውን መልሺው። ሌሊት ምን እንደምትበዪ ደግመሽ አንብቢው፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ብስኩት። ቀን የከለከልሻቸው በሙሉ ናቸው። ሰላጣ ፍለጋ ሌሊት ወጥ ቤት የገባ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እንጀራ ደግሞ ጠላትሽ አይደለም። ጤፍ ብረትና አሰር ያለበት እህል ነው። መጀመሪያ በምሳ፣ ተቀምጠሽ፣ ከሰው ጋር፣ በብርሃን ብዪው። መሶቡ ዙሪያ ከእህትሽና ከልጆቹ ጋር መቀመጥ ራሱ ሕክምና አለው። እራት ላይ ማስመሰል ብቻሽን አስቀርቶሻል። ብስኩቱን አሁን ብትፈሪው ይገባኛል። እሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ። ቁርስና ምሳ ሲደላደሉ፣ አንድ ከሰዓት ከሻይ ጋር ሁለት ፍሬ ትበያለሽ። መጀመሪያ ልብሽ ይመታል። ቆይቶ ብስኩት ብስኩት ብቻ ይሆናል።

ትንሽ ደብተር ያዢ። ሰዓቱን፣ የበላሽውን፣ የት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ ጻፊ። ካሎሪ አትጻፊ። የሌሊቱንም ጻፊው። ከሳምንት በኋላ አንብቢው፤ ሌሊት ወጥ ቤት የገባሽባቸውን ቀናት ከጠዋታቸው ጋር አስተያዪ። እኔ ከነገርኩሽ ይልቅ የራስሽ ጽሑፍ ያሳምንሻል።

ሚዛኑን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በየቀኑ የሚወጣውና የሚወርደው ውሃና ጨው ነው።

እንደገና ሌሊት ቢያጋጥምሽስ? ያጋጥምሻል። ጠዋት ቁርስሽን በሰዓቱ ብዪ፣ ሌላ ቅጣት የለም።

አበላልሽ ሲስተካከል የሌሊቱ መብላት እየቀነሰ መሄዱ የተለመደ ነው። ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። የሚቀረው ከሆድ ይልቅ የልብ ነገር ይሆናል፤ ከአለቃ ጋር የተጋጨሽበት ቀን፣ ብቸኝነት፣ «ወፈርሽ እኮ!» ያለሽ ዘመድ። ይህ አባባል ያናድደኛል። ድሮ ወፈር ማለት ተመቸው ማለት ነበር። ዛሬ ከተማው ውስጥ ሰላምታው ሁሉ ኪሎ ሆኗል። የከሳውን «ምን ሆነህ ነው?»፣ የወፈረውን «ምነው ለቀቅሽው?» እንላለን። ለዘመዶችሽ «ስለ ሰውነቴ ባናወራ ደስ ይለኛል» ማለት ነውር የለበትም።

ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ ቁርስ ከጀመርኩ እወፍራለሁ ትያለሽ። በሐቀኝነት ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ልትጨምሪ ትችያለሽ። ሕክምናው ሌሊቱን ያስተካክላል እንጂ ኪሎ ያስቀንስሻል ብዬ ቃል አልገባም። አብዛኛውን ጊዜ ክብደትን ብዙም አይለውጥም። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለ ተቋም በ2017 ያወጣው ምክር፣ ይህ ሕመም ያለበት ሰው በሕክምና ላይ ሳለ በዳይት ክብደት ለመቀነስ አይሞክር ይላል፤ መብላቱን ስለሚቀሰቅሰው። ክብደትሽ ለጤናሽ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ሌሊቱ ከተረጋጋ በኋላ ከሐኪም ጋር ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። በዚህ ስምንት ወር ዳይቱ ያተረፈልሽ 3 ኪሎ ጭማሪ መሆኑንም አትርሺ።

አሁን የምጠይቅሽን በደንብ አስቢበት። ከበላሽ በኋላ ሆን ብለሽ ታስመልሻለሽ? የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም የማቅጠኛ ሻይ ትወስጃለሽ? ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ሴና አለባቸው። ሴና የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚያስወጣው ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም። ማስመለስና ማስቀመጥ ፖታሲየም ያሳጣል። ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፤ ወጣትም ይሞትበታል። እንዲህ ካለ ሳምንት አትጠብቂ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ደምሽ ይታይ። የስኳር ሕመም ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ራስሽን ከሳትሽም እንዲሁ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ዛሬውኑ ለእህትሽ ንገሪና አብራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከእነዚህ አንዱም ባይኖር መታየትሽ አይቀርም። የአእምሮ ጤና ሲባል ብዙ ሰው አማኑኤልን ብቻ አስቦ ይፈራል። አማኑኤልም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በሌሎች አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፤ በግል የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም አሉ። ስትደውዪ «ኮግኒቲቭ ቢሄቪዮራል ቴራፒ ትሠራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሐሳብንና ልማድን በንግግርና በልምምድ የሚያስተካክል ሕክምና ነው፤ ለዚህ ችግር በደንብ የተጠናው እሱ ነው። የአበላል ችግር ብቻ የሚያክም ባለሙያ ባታገኚም፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ሊረዳሽ ይችላል።

ስትሄጂ ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። አፍሽ ቢያዝ ይህችን አንብቢላቸው፦ «ቀን ራሴን አስርባለሁ፣ ሌሊት ማቆም እስኪያቅተኝ እበላለሁ፣ ዳይት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል።» «ክብደት ቀንሺ» ብለው ሊሸኙሽ ከሞከሩ ደግመሽ አንብቢላቸው። ነገ ጠዋት ደግሞ፣ ከመውጣትሽ በፊት፣ ለእህትሽ «ለእኔም ቁርስ አቅርቢልኝ» በያት።